ልጄ የመንፈሳዊ ራፕ ውል ቀረበለት፤ ይፈርም?

«ልጄ 19 ዓመቱ ነው፤ የኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ። የምንኖረው ጆርጂያ፣ ክላርክስተን ነው። በቤተ ክርስቲያን ኳየር አድጎ አሁን በእንግሊዝኛ፣ አንዳንዴም በአማርኛ መንፈሳዊ ራፕ ይሠራል። አንድ አነስተኛ የክርስቲያን ሌብል (የሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያ) 15 ሺህ ዶላር እንስጥህና ፈርም ብሎታል። እሱም ትምህርቴን ላቋርጥ ይላል። በወጣቶች ቀን ሲያቀርብ ያዩት ሽማግሌዎች ‹ይሄ ዘፈን ነው እንጂ መዝሙር አይደለም፤ ቃሉ እንኳ አይሰማም› ብለው መድረክ ከልክለውታል። አባቱ ‹ተይው፣ ይሞክር› ይላል። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ለመሆኑ ይሄ እንጀራ ይሆናል? እናት ነኝ፣ ከክላርክስተን።»

ውድ እህታችን፣

በቤታችሁም በቤተ ክርስቲያናችሁም ክርክሩ የራፕ መንፈሳዊነት ላይ ነው። የልጅዎን ቀጣይ ዓመታት የሚወስነው ግን ያ ወረቀት ነው። ሽማግሌዎች ዛሬ የከለከሉትን የዛሬ ዓመት ሊፈቅዱ ይችላሉ። የተፈረመ ውል ግን እንዲህ በቀላሉ አይለዝብም። ልጅዎ ደግሞ 18 ዓመት ስላለፈው በሕግ አዋቂ ነው፤ የእርስዎ ፊርማ አያስፈልገውም፣ እርስዎም ሊያስቀሩት አይችሉም። የሚያዋጣው አጠገቡ ተቀምጦ አብሮ ማንበብ ነው።

የላኩልን የውል ማጠቃለያ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ አንድ አልበም በቁርጥ፣ ከዚያ ሌብሉ ከፈለገ ሌላ አራት፤ ቅድመ ክፍያ 15,000 ዶላር፤ ለልጁ 18 በመቶ ሮያሊቲ (ከገቢው የሚደርሰው ድርሻ)፤ ማስተሩ፣ ማለትም ዋናው የተቀዳ ድምፅ፣ ለዘለዓለም የሌብሉ፤ ከመድረክና ከቲሸርት ገቢ 20 በመቶ ለሌብሉ። በዚህ መልኩ አይፈርም እንላለን።

ምክንያቱን በሒሳብ እንየው። 15 ሺህው ስጦታም ደመወዝም አይደለም፤ ከልጁ ድርሻ እየተቀነሰ የሚመለስ ገንዘብ ነው። ስቱዲዮና ሚክሲንግ (የተቀዱትን ድምፆች አመጣጥኖ ማዋሐድ) 20,000፣ ቪዲዮ 10,000 ወጣ እንበል። እነዚህም እሱ ላይ ይጻፋሉ፤ ጠቅላላው 45,000 ሆነ። አልበሙ ለሌብሉ 100,000 ዶላር አስገባ እንበል፤ ለጀማሪ ትልቅ ስኬት ነው። የልጁ 18 በመቶ 18,000 ነው። እሱም እጁ አይገባም፤ ከ45,000ው ላይ ይቀነሳል፣ 27,000 ገና ይቀራል። ሌብሉ ግን 45,000 አውጥቶ 100,000 ሰብስቧል፤ 55,000 ተርፎታል። ቤት በብድር የገዛ ሰው ከፍሎ ሲጨርስ ቤቱ የራሱ ይሆናል፤ እዚህ ግን ልጁ ከፍሎ ቢጨርስም ማስተሩ የሌላ ነው። ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ አልበሙ ካልተሸጠ ቀሪውን ከኪሱ እንዲከፍል የሚጠይቁ ውሎች ብዙ አይደሉም። ሆኖም ቅድመ ክፍያው ከሮያሊቲው ብቻ የሚመለስ፣ በጥሬ ገንዘብ የማይጠየቅ መሆኑ በግልጽ መጻፍ አለበት።

«ሌላ አራት አልበም» የሚለው ልጅዎን ሳያስደስተው አልቀረም። ግን ምርጫው የሌብሉ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ካልሠራ ያሰናብቱታል፤ ከሠራ ደግሞ በዛሬው ዋጋ ለዓመታት ይይዙታል። ከዚህ የሚብሰው አልበሙን ተቀብለው ሳያወጡት ሲቀር ነው። ሌላ ቦታ እንዳያወጣ ተስማምቷልና እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ስለዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጨመሩ፦ ሥራው በተረከቡት በ6 ወር ውስጥ ካልወጣ መብቱ ወደ ልጁ ይመለሳል፤ ውሉም ከአልበም ብዛት ሌላ በዓመት ቁጥር ገደብ ይኖረዋል።

ማስተሩን በተመለከተ ለዘለዓለም አሳልፎ ከመስጠት ይልቅ ለ7 ወይም ለ10 ዓመት በፈቃድ መስጠት ይቻላል፤ ትናንሽ ሌብሎች ይህን መቀበላቸው አዲስ ነገር አይደለም። የአሜሪካ ሕግ አንድ ደራሲ ያስተላለፈውን መብት ከ35 ዓመት በኋላ እንዲያስመልስ በር ይከፍታል፤ ያኔ ግን ልጅዎ 54 ዓመቱ ይሆናል። ያም ቢሆን ውሉ ውስጥ ሥራው «በቅጥር የተሠራ» ነው፣ ማለትም ደራሲው ከመነሻው ሌብሉ ነው፣ የሚል ሐረግ ካለ ሌብሉ በዚያ ተንተርሶ በሩን ሊዘጋው ይሞክራል። ሐረጉን ፈልገው ያሰርዙት።

የ20 በመቶውን ነገር ቀላል አያድርጉት። ጀማሪ መንፈሳዊ ራፐር ገንዘብ የሚያገኘው በአብዛኛው ከስትሪም (በኢንተርኔት ከመደመጥ) አይደለም፤ ከወጣቶች ኮንፈረንስ፣ ከካምፕ፣ ከቤተ ክርስቲያን ግብዣና በሩ አጠገብ ከሚሸጠው ቲሸርት ነው። ሌብሉ መድረክ ካላመጣለት ከመድረኩ የሚወስድበት ምክንያት የለም። ሌብሉ ራሱ ካስያዘው ዝግጅት ላይ ብቻ፣ ወጪ ከተቀነሰ በኋላ 10 በመቶ ቢወስድ ያስኬዳል።

በክርስቲያን ሌብሎች ውል ላይ የሚጨመር አንድ አንቀጽም አለ፦ የሥነ ምግባር አንቀጽ። አርቲስቱ «ለምስክርነቱ የማይመጥን» ነገር ካደረገ ውሉ ይቋረጣል ይላል። ሐሳቡን አንነቅፍም። ግን ፈራጁ ማን ነው? በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አለው? ውሉ ሲቋረጥ ማስተሩ ይመለሳል ወይስ እዚያው ይቀራል? መልሱ ካልተጻፈ ነገ በአንድ የፌስቡክ ጽሑፍ ምክንያት ልጁ ተባሮ ሥራው እነሱ ጋር ሊቀር ይችላል። በዓመት አንድ ጊዜ ሒሳባቸውን የማስመርመር መብትም ይጠይቅ። «እኛ ቤተሰብ ነን፣ በጸሎት ነው የምንሠራው» ቢሉት ደግ ነው፤ ቤተሰብም ደረሰኝ ያሳያል።

አሁን ወደ ሥራው እንለፍ። ልጅዎ አንድም ሌብል ሳይኖረው ዛሬ ሊያደርጋቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ፤ ብዙዎቹ ነፃ ናቸው።

አንድ ዘፈን ሁለት ንብረት ነው፤ ግጥሙና ዜማው አንድ፣ የተቀዳው ድምፅ ሌላ። ገቢያቸውም በተለያየ በር ይመጣል። ለግጥምና ዜማው ኤኤስካፕ ወይም ቢኤምአይ የተባሉት ድርጅቶች ከሬዲዮ፣ ከአዳራሽና ከመሳሰሉት ይሰበስባሉ፤ አባል የሚሆነው የአንዱ ብቻ ነው። በአሜሪካ ከስትሪም የሚመጣውን የግጥምና ዜማ የቅጂ ሮያሊቲ ከ2021 ጀምሮ የሚሰበስበው ኤምኤልሲ የተባለው ድርጅት ነው፤ አባልነቱ በነፃ ነው። ለተቀዳው ድምፅ ደግሞ ሳውንድኤክስቼንጅ የተባለው ድርጅት ከኢንተርኔትና ከሳተላይት ሬዲዮ ሰብስቦ 50 በመቶውን ለማስተሩ ባለቤት፣ 45 በመቶውን ለዋናው አርቲስት፣ 5 በመቶውን ለአጃቢዎች ያከፋፍላል። ማስተሩ የራሱ ከሆነ 95 በመቶው የእሱ ነው ማለት ነው። ብዙ ወጣቶች ዘፈኑን ስፖቲፋይ ላይ ከጫኑ በኋላ እነዚህን ሳይመዘገቡ ለዓመታት ይቆያሉ፤ ገንዘቡም ባለቤቱ ሳይታወቅ ይንጠለጠላል።

ድርሻ የሚከፋፈለው ቀረጻው በተደረገበት ቀን ነው፤ ዘፈኑ ከታወቀ በኋላ ሁሉም ደራሲ ይሆናል። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፦ የዘፈኑ ስም፣ የእያንዳንዱ ሰው ሕጋዊ ስም፣ በመቶኛ ድርሻው፣ ፊርማ። በሂፕ ሆፕ ቢቱን (የሚራፕበትን ሙዚቃ) የሠራው ፕሮዲውሰር ከድርሰቱ ግማሹን መጠየቁ የተለመደ ነው፤ ልጅዎ አይደንግጥ።

በኦንላይን የሚገዙ ቢቶች ብዙ ጣጣ አላቸው። በ30 ወይም በ50 ዶላር የሚገኘው ኪራይ ነው። የስትሪም ጣሪያ አለው፤ ያንኑ ቢት ሌሎች ሰዎችም ተከራይተውታል። ስለዚህ የተከራየ ቢት ያለበትን ዘፈን በዩቲዩብ የይዘት መለያ ሥርዓት ማስመዝገብ የለበትም። ካስመዘገበ ሥርዓቱ የሌሎቹን ቪዲዮዎች የእሱ ናቸው ይላል፤ እነሱ ይቃወማሉ፣ የእሱ ክፍያ ይታገዳል። ዘፈኑ መንቀሳቀስ ከጀመረ ጣሪያው ሳይሞላ ሙሉ መብቱን ይግዛ፤ ግን ቀድመው የተከራዩት ሰዎች መብት በዚህ አይፈርስም።

ከድሮ የአማርኛ መዝሙር ካሴት ላይ ድምፅ ቆርጦ ቢት የመሥራት ፍላጎትም ይኖረዋል፤ ሲያምር አይተናል። ግን «የእኛው መዝሙር ነው» ተብሎ አይታለፍም። ሁለት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አንዱ ከድርሰቱ ባለቤት፣ ሌላው ከቀረጻው ባለቤት። ዘማሪው፣ ገጣሚውና ካሴቱን ያሳተመው ሦስት የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ዜማውን በራሱ ድምፅና መሣሪያ እንደ አዲስ ካስቀዳው የቀረጻው ፈቃድ ይቀርና የድርሰቱ ብቻ ይበቃል።

የአልበም ሥራዎችን በአሜሪካ የቅጂ መብት ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብ ውድ አይደለም። የጋራ ደራሲ ያላቸው እስከ 20 ሥራዎች በአንድ ማመልከቻ በ65 ዶላር ይመዘገባሉ። በወጣ በ3 ወር ውስጥ ይሁን፤ ካለፈና ጥሰቱ ቀድሞ ከተፈጸመ በሕጉ የተቀመጠውን የካሳ መጠንና የጠበቃ ወጪን መጠየቅ አይቻልም። ይህን ስንል ክስ ሀብት ያመጣል እያልን አይደለም። ፍሌም የተባለው የሴንት ሉዊስ ክርስቲያን ራፐር ከባልደረቦቹ ጋር በ2014 ታዋቂዋን ዘፋኝ ኬቲ ፔሪን ዘፈናችንን ቀድታለች ብሎ ከሰሰ፤ በ2019 የሕዝብ ዳኞች 2.78 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱለት። በ2020 ዳኛዋ ሻሩት፣ በ2022 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሽረቱን አጸና። ምክንያቱ የተመሳሰሉት ጥቂት ኖታዎች ማንም ሊይዛቸው የማይችል ተራ የሙዚቃ ጡቦች ናቸው የሚል ነበር። ስምንት ዓመት ፈጀ።

አሁን «እንጀራ ይሆናል?» ወዳሉት። ለጥቂቶች ሆኗል፤ ግን ጊዜ ወስዷል። ሂዩስተን የተወለደው ክርስቲያን ራፐር ሌክሬ ከጓደኛው ጋር ሪች ሬከርድስ የተባለውን ሌብል የመሠረተው በ2004 ነው፤ የመጀመሪያ አልበሙም ያኔ ወጣ። የግራሚ የጎስፕል አልበም ሽልማት ያገኘው በ2013 ነው፤ በ2014 ደግሞ አልበሙ ቢልቦርድ 200 በተባለው የአሜሪካ የአልበሞች ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ ሆኖ ገባ። በ2016 ኮሎምቢያ ከተባለው ትልቅ የሙዚቃ ኩባንያ ጋር ፈርሞ በ2020 ወጥቶ ነፃ አርቲስት ሆነ። ልብ ይበሉ፣ ወደ ትልቁ ኩባንያ ሲሄድ የራሱ ሌብል፣ የራሱ ተመልካች፣ የ12 ዓመት ሥራ በእጁ ነበር። ስለዚህ ቢወጣም የሚመለስበት ቤት ነበረው። ሪች ሬከርድስ እዚያው አትላንታ፣ እናንተ ደጃፍ ነው ያለው፤ ልጅዎ ታሪኩን ከኛ በላይ ሳያውቀው አይቀርም። ከሽልማቱ ይልቅ ዘጠኙን ዓመት ይቁጠር።

ስትሪም ላይ ቋሚ ተመን የለም፤ ሻካራ ግምት ከተባለ ስፖቲፋይ ላይ ለ1,000 ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዶላር ነው። 100,000 ጊዜ ቢደመጥ ከ300 እስከ 500 ዶላር። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን የቀረጻ ክፍያ ጨርሶ አያገኝም። ስለዚህ በየሳምንቱ ከመርጨት በስድስት ሳምንት አንድ በደንብ የተሠራ ዘፈን ይሻላል፤ ከመውጫው ቢያንስ 7 ቀን ቀድሞ በስፖቲፋይ የአርቲስቶች ገጽ በኩል ለአዘጋጆቹ ይላክ።

ሌላ ሰው የማይነግረው ነገር፦ በአምልኮ ፕሮግራም ውስጥ፣ በአምልኮ ቦታ ለሚቀርብ መዝሙር የአሜሪካ ሕግ ቤተ ክርስቲያኗን ከመድረክ ሮያሊቲ ነፃ ያደርጋታል። እሑድ ጠዋት 30 ቤተ ክርስቲያን ቢዞር ከኤኤስካፕም ከቢኤምአይም ሳንቲም አይመጣም። ቅዳሜ ማታ በዚያው አዳራሽ ትኬት ተሸጦ የሚደረግ ኮንሰርት ግን ሌላ ነው። ስለዚህ የእሑዱ ገቢ አዘጋጁ የሚሰጠው የአገልግሎት ስጦታ ብቻ ነው፤ በእኛ ሰው ዘንድ ደግሞ ስለሱ አስቀድሞ መናገር ያሳፍራል። ይልመደው። ከመሄዱ በፊት በኢሜይል መጠኑ፣ የጉዞና የማደሪያ ወጪ ማን እንደሚሸፍን፣ የሚያቀርብበት ደቂቃ፣ ቲሸርት መሸጥ መፈቀዱና የሳውንዱ ሰው ስልክ ይጻፉ። ከጆርጂያ ውጭ ከሆነ ግማሹ ቀድሞ ይከፈል። ከገባው ሁሉ ሩቡን ለታክስ ያስቀምጥ፤ በዓመት 400 ዶላር የተጣራ ገቢ ካለፈ የግል ሥራ ታክሱ ብቻ 15.3 በመቶ ነው። የጤና ዋስትናው በእናንተ ላይ እስከ 26 ዓመቱ ሊቆይ ይችላል፤ ይህ ለብቻው ሰባት ዓመት ነው።

ትምህርቱን አያቋርጥ። ይህን የምንለው እምነት ስለጎደለን አይደለም፤ የዚህ ሥራ የመጀመሪያ ዓመታት ከዓርብ ማታ እስከ እሑድ ናቸው፤ ማክሰኞ ጠዋት ማንም አይጠራውም። የመንግሥት የትምህርት ብድር ካለበትም ምዝገባው ከግማሽ ጊዜ በታች በወረደ ጊዜ የ6 ወር እፎይታው መቆጠር ይጀምራል፣ ከዚያ ክፍያ ይመጣል። የኮርስ ብዛት ይቀንስ እንጂ ከዚያ አይውረድ። በዚህ መሀል አምስት ዘፈን ያለው አጭር አልበም በራሱ ያውጣ፦ ሚክሲንግ 1,000፣ ማስተሪንግ (የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ) 250፣ አምስት የተከራዩ ቢቶች 200፣ ሽፋን 150፣ ማከፋፈያ 25፣ ምዝገባ 65፤ ድምሩ 1,690 ዶላር። አባቱ «ይሞክር» ብሏል፤ ይኸውና ሙከራው።

ስለ ሽማግሌዎቹ። መንፈሳዊ ራፕ አዲስ መጤ አይደለም፤ በአሜሪካ በ1985 ስቲቨን ዋይሊ በካሴት አውጥቶታል፤ በ1990ዎቹ የፊላደልፊያው የራፕ ቡድን ክሮስ ሙቭመንት ግጥሞቹን በአስተምህሮ ሞልቷቸዋል። ይህን ታሪክ ግን እንደ ዱላ አይጠቀምበት። ከሁለቱ ቅሬታዎቻቸው አንዱ፣ «ቃሉ አይሰማም» የሚለው፣ ትክክል ሳይሆን አይቀርም፤ ጥፋቱ ግን የሳውንድ ነው።

በእኛ አብያተ ክርስቲያናት ኤኮ ይወደዳል፤ ለረጅም የመዝሙር ዜማ ያምራል። ራፕን ግን ይገድለዋል። በደቂቃ 90 ምት በሚሄድ ቢት ላይ 16 ባር (እያንዳንዱ አራት ምት) 43 ሴኮንድ ያህል ነው፤ በዚያ ውስጥ 200 የሚጠጋ ክፍለ ቃል ያልፋል። ሁለት ሴኮንድ የሚቆይ ኤኮ ካለ አንዱ ቃል ሳይጠፋ ዘጠኝ ክፍለ ቃል ይደረብበታል። ኤኮው ጭርሱን ይጥፋ። ከ100 ኸርዝ በታች ያለው ወፍራም ድምፅ ከማይኩ ላይ ይቆረጥ፤ ቢቱ ከድምፁ ዝቅ ይበል። የማይኩን ራስ ጨብጦ መያዝም ይቅር። በቪዲዮ ያምራል፤ ነገር ግን የፊቱን ብቻ እንዲሰማ የተሠራ ማይክ ሲታፈን ከየአቅጣጫው መስማት ይጀምራል፤ ስፒከሩ ያፏጫል፣ ቃሉም ይታፈናል። ከበስተጀርባ የሚሄደው ትራክ ዋናው ድምፁ የተወገደለት ይሁን፤ ከስልክ ዩቲዩብ ከፍቶ በብሉቱዝ ሳይሆን በፋይል፣ በኬብል።

ከዚያ የግጥሙን ሙሉ ጽሑፍ በአማርኛ ተርጉሞ ከሁለት ሳምንት በፊት ለሽማግሌዎቹ ይስጥ። የእሑድ አምልኮን ሳይሆን የቅዳሜ የወጣቶች ፕሮግራምን ይለምን። «ዘፈን ነው» የሚለው ቅሬታ በዚህ ላይፈታ ይችላል፤ ቢሆንም የሚከራከሩት ስላነበቡት ነገር ይሆናል። ሽማግሌዎቹን የሚያስፈራቸው ድምፁ ብቻ አይመስለንም፤ መድረክ ያለው፣ ተጠያቂነት የሌለው ወጣት ያስፈራቸዋል፤ በዚህ ደግሞ አልተሳሳቱም። ሌክሬ ስለ ዘርና ስለ ፖሊስ ግድያዎች ሲናገር ከነጭ ወንጌላውያን አድማጮቹ ብዙዎቹ ሸሽተውታል፤ ያኔ በጭንቀትና በእምነት ቀውስ ማለፉን ራሱ ተናግሯል። ሌላው ክርስቲያን ራፐር ትሪፕ ሊ ደግሞ ሥር ከሰደደ የድካም ሕመም ጋር ሲታገል ኖሯል። ልጅዎ እንደ አርቲስት ሳይሆን በስሙ የሚያውቁት፣ በየሳምንቱ የሚያገኛቸው ሁለት ሦስት ሰዎች ያስፈልጉታል፤ ለሌብሉ የማይሠሩ።

ለውሉ ወደ አትላንታው ጆርጂያ ሎየርስ ፎር ዚ አርትስ ይደውሉ፤ ለአርቲስቶች የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ድርጅት ነው። ሌብሉ ያቀረበው ጠበቃ የሌብሉ ጠበቃ ነውና አይበቃም። ልጅዎ ይዞት የሚገባው ተቃራኒ ሐሳብ ይህ ይሁን፦ አንድ አጭር አልበም፣ ማስተሩ በፈቃድ ለ7 ዓመት፣ ወጪ ከተመለሰ በኋላ ትርፉ እኩል፣ ከመድረክ የሚወስዱት ራሳቸው ካስያዙት ብቻ። እናንተ የላካችሁልን ማጠቃለያ ነው፤ ሙሉውን ውል ይጠይቃቸው። ጠበቃው እስኪያየው ድረስ በቴክስትም በኢሜይልም «ተስማምቻለሁ» የሚል ቃል አይጻፍላቸው፤ ያም ሊያስይዘው ይችላል።